በስምንተኛ ክፍል ውስጥ ስለተዘረጋው አልጋ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እንግዳ ማስተናገድ ያደክማልና ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በአቀባበሉ ዕለት ንግግር ሲያስረዝሙ የተዘጋው ጉሮሮዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በእግዜር ቸርነት ደኅና ነኝ። ልጄም ደኅና ናት፤ ፈተናውን ወደቀች እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም።

ይህች ደግሞ ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። ለእንግዳዋ መምህርት ክፍል መጋረጃ እንድሰፋ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት፤ ጉዱን በዓይኔ ያየሁትም መስኮቱን ልለካ የገባሁ ዕለት ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከሐሜት የተለቃቀመ ሳይሆን ሜትር ይዞ ገብቶ ያየ ሰው ምስክርነት መሆኑን በትሕትና እየገለጽኩ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቅድመ ዝግጅትዎ አመሰግናለሁ። ከባሕር ማዶ አንዲት የሒሳብ መምህርት ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሊያስተምሩልን ይመጣሉ በተባለ ጊዜ፣ እሳቸው ገና ሻንጣቸውን ሳይሸክፉ፣ እርስዎ የነበረንን የሒሳብ መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲዛወር ፈቀዱለት። ስምንተኛ ክፍል ሁለት የሒሳብ መምህር ምን ያደርግለታል ብለው ነው። እውነትዎን ነው፤ እንዳየነው አንድም አላስፈለገውም።

ሁለተኛ፤ ስለ መኝታ ክፍሉ። እንግዳ የትም አይጣልምና፣ ከመላው ግቢ ጣሪያው የማያፈሰውንና መስኮቱ መስታወት ያለውን ብቸኛ ክፍል መርጠው ሰጧቸው። ያ ክፍል የስምንተኛ ክፍል መማሪያ መሆኑ፣ ሴትዮዋም አገር አቋርጠው የመጡት እነዚያኑ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሊያስተምሩ መሆኑ እንደ እርስዎ ያለውን አርቆ አሳቢ የሚገታ ነገር አልነበረም። ዴስኮቹ ወጥተው ከግድግዳው ውጭ ተከመሩ፤ አልጋው ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተዘረጋ፤ ልጆቹም ዛፍ ሥር ተላኩ። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ የተሰበረ ወንበር የሚጣልበት መጋዘን ውስጥ ከወንበሮቹ ጋር ተዳበሉ። ሜትሬን እንደያዝኩ፣ በሰው መኝታ ቤት ጥቁር ሰሌዳ ምን ይሠራል ብዬ ብጠይቅዎ፣ ለጌጥ ነው ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ድህነቴን ረስቼ ምነው ለቤቴም አንድ በኖረኝ እያልኩ እመኛለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ማላመድ። እንግዳዋ በመጡ ማግስት ጠመኔ ይዘው ክፍሌ የት ነው ቢሉ፣ መጀመሪያ አየሩን ይላመዱ አሏቸው። አየሩን ሲላመዱ ውኃውን፣ ውኃውን ሲላመዱ ደግሞ ሰዉን ይላመዱ ተባሉ። ሰዉን እንዲላመዱም ከባለሥልጣን ቤት ወደ ነጋዴ ቤት፣ ከነጋዴ ቤት ወደ ዘመድዎ ቤት ግብዣ በግብዣ አደረጓቸው፤ ከተማሪዎቻቸው በቀር ያላስተዋወቋቸው ሰው የለም። እንዲያውም ልጆች በመስኮታቸው ሥር እንዳይንጫጩ ዘበኛውን ዱላ አስይዘው አቆሙላቸው። ልጅ ሊያስተምር የመጣን ሰው ከልጅ ማስጠበቅ የእርስዎ ብቻ ግኝት ነውና እንዳይሰርቁብዎ ይጠንቀቁ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው ይባላል፤ እርስዎ ግን ወርቅነታቸው እንዳይለወጥ ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው።

አራተኛው ምስጋና አይደለም፤ ስሙን እርስዎ ያውጡለት። አንድ ቀን ዘበኛው ለምሳ ዞር ሲሉ ልጄ ወደዚያ መስኮት ተጠጋች። እንግዳዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ በተማሩት ጥቂት ቃልና በእጅ ምልክት፣ ክፍልሽ የት ነው ብለው ጠየቋት። ልጄ መዋሸት አልለመደችምና እጇን በመስኮቱ አስገብታ አልጋቸውን አሳየቻቸው። ሴትዮዋ አልጋውን አዩ፣ ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ያንኑ ሰዓት አልጋውን ብቻቸውን እየጎተቱ ሊያወጡት ተነሡ፤ እግሩ በሩ ላይ ተቀርቅሮ ሲታገሉ እኔም ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ አይቻለሁ። ልጆቹ ከመጋዘኑ ወጥተው እየሳቁ ዴስክ መሸከም ጀምረው ነበር። እንዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እርስዎም ከቢሮዎ እየሮጡ ደረሱ። ነውር ነው፣ እንግዳ አይሸከምም ብለው አልጋውን በአራት ሰው አስመለሱት፤ ልጆቹን ደግሞ እንግዳ አስቸገራችሁ ብለው ጠጠር ላይ አንበረከኳቸው። ልጄ ከፊት ነበረች። በዚያው ሳምንት መላመዱም አለቀ፣ መንፈቀ ዓመቱም አለቀ። በስንብቱ ዕለት የምስጋና ወረቀት ሲሰጧቸው እንግዳዋ አለቀሱ፤ እርስዎም ከደስታቸው ብዛት ነው ብለው ለሕዝቡ ተረጎሙልን፤ እኛም ጨዋ ሕዝብ ነንና አጨበጨብን።

የተከበሩ ሆይ፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እኔም ከአንጀቴ ስለተናደድኩ ቃል አልጠፋኝም። ልጄ በሌላው ትምህርት ሁሉ አልፋ በሒሳብ ወደቀች፤ ክፍሉም በሙሉ አብሯት ወደቀ። ይህንንስ እንደ ዕድላችን ቆጥሬ ዝም ልል ነበር። ነገር ግን ውጤቱ በተለጠፈ ዕለት በወላጆች ፊት ቆመው፣ የባሕር ማዶ መምህር አምጥተንላቸው እንኳ ያልተለወጡ ሰነፎች ናቸው አሉ። በሙያዬ የማውቀውን ልንገርዎ፤ ልብስ ሲጠብ ጥፋቱ የሰፊው እንጂ የጨርቁ አይደለም። እኔ የሰው ጨርቅ ባበላሽ ባለቤቱ አንገቴን ይዞ ያስከፍለኛል። እርስዎ ግን የክፍል ሙሉ ልጅ አበላሽተው፣ እንግዳ ተቀባይ ተብለው ተሸለሙ።

እንግዳ አክባሪነትዎ ለዘለዓለም ይኑር። በሌላ ከተማ በጥሩ ትምህርት ቤት እንደሚማሩ የሰማሁትን የራስዎን ልጆችም አምላክ ሁልጊዜ ከማያፈስ ጣሪያ ሥር፣ አልጋ ከሌለበት ክፍል ያኑርልዎ።

ወደር ከሌለው አክብሮት ጋር፣
ከበርዎ ፊት ለፊት የምትሰፋው፣ የሰነፏ ልጅ እናት

ግልባጭ፦
ለወላጆች በሙሉ
ለዘበኛው፣ ዱላውን ካስቀመጡ በኋላ እንዲያነቡት
ለእንግዳዋ መምህርት፣ ባሉበት (አስተርጓሚው እርስዎ እንዳይሆኑ አደራ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሚቀጥለው እንግዳ ያዘዙት አዲስ መጋረጃ አልቋል። የሰፋችው ልጄ ናት፤ ከእንግዲህ ሥራዋ ይኸው ነው። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፤ ልኬቱን ስታሰላ ግን ተሳስታ የመስኮቱን ግማሽ ብቻ የሚሸፍን ሆነ። ላስተካክለው መቀስ አንሥቼ መልሼ ተውኩት። ሒሳብ ያላስተማሯት ልጅ ናትና ይቅር ይበሏት፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ አልጋውን ከነሰሌዳው ያየዋል።