የእማዬ ስለትና አዲሱ ማሽን

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ጸጋአብ፣ የእማዬን ቃል የምጽፍልህ እኔ ክብረት ነኝ፤ የራሴንም ጥፋት ልንገርህ ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ነው።

«ልጄ፣ ሀና ማርያም ከክፉ ትሰውርህ። ደህና ነን። እራት ሳትበላ እንዳትተኛ።»

የላክኸው የእንጨት መቅረጫ ማሽን መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ማንበቢያ አትሮንስ እንዲሠራ እማዬ ተስላለች። በእጅ የሚያዝ ሆኖ ጉልበቱ የበሬ ነው። ዛሬ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በተሳሳተ አቅጣጫ ስገፋው ዘሎ ለአትሮንሱ የገዛነውን የዋንዛ ጣውላ ቦጨቀብኝ።

አባዬ ሳቀ፤ «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ያዝሽው ወይስ እሱ ያዘሽ? ሥራውን ለለቡ ሰፈሩ አናጢ እንስጠው።»

እማዬ ግን ተቆጣች፤ «ስለቴ በዚህችው ልጄ እጅ ነው የሚሠራው! ጻፊው ይህንንም። ጸጋዬ፣ እሑድ ደውልልኝ፤ ድምፅህን ልስማ። እድሜህን ያርዝመው።»

አንድ ደህና ጣውላ ተርፎናል። ነገ በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያልኩ፣ የአትሮንሱን ጠርዝ እኔው አወጣዋለሁ።