የደበዘዘችው «እሺ»

ይድረስ ለወንድም ጋሼ። ናፍቆትህ ባይለቀንም ሁላችንም ደህና ነን።

መድኃኒት ቤቱ እንዳለ ነው፤ አባዬ ዛሬም ከባንኮኒው አይነሳም። ባለፈው ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ የልብ መድኃኒቷን በአንድ ቀን ሁለቴ ሰጥቷት፣ ደግነቱ ትርፉን መልሳ አመጣችልን። እኔም ኮምፒውተሩ ላይ «ዛሬ ወስደዋል፤ ይደገም?» ብሎ ብቅ የሚል መስኮት በኮድ ሠራሁ። እሱ ግን ሳያነብ «እሺ»ን ቀጭ! ስለዚህ ቁልፏን በአንድ መስመር ትእዛዝ አደበዘዝኳት፤ እኔ ካልፈቀድኩ አትሠራም። «አንቺ ደግሞ አለቃ ሆንሽብኝ!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ዛሬ ደግሞ «መስኮቱ አናት ላይ ስምሽን በትልቁ ጻፊልኝ» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ጻፍኩለት።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለአባዬ ስትደውልለት፣ አደራህን፣ መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ንገረው።

እህትህ