አቶ ኦይቻ ዛሬም ደወሉ

ሰኞ

አጥፍቼዋለሁ አልኳት። አላጠፋሁትም።

የአስቴርን አባት፣ አቶ ኦይቻን፣ ዛሬ ደጋው ላይ፣ ገረሴ ቀበርናቸው። እሷና እኔ ለገበሬዎች በስልክ መረጃ የሚሰጠውን ኩባንያችንን ስንከፍት አርባ ምንጭ ውስጥ ጋሞኛ የሚናገር ኮምፒውተር ያለው ሰው አልነበረም። የማሽናችን ድምፅ የእሳቸው ነው። ከእሳቸው የቀዳነውን ቃል ማሽኑ እየገጣጠመ በየጠዋቱ ለላንቴ ሙዝ ገበሬዎች ይደውላል፤ የመስኖ ውሃ ተራና የገበያ ዋጋ ይነግራል። የሚስታቸውንም ስልክ አስመዝግበው ነበር፤ ሙዝ ኖሯቸው ሳይሆን "ትስማኝ" ብለው። ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ ያ ስልክ ጮኸ። "እንዴት አደራችሁ፣ ኦይቻ ነኝ።" እናትየው ስልኩን ወረወሩት። "እያወራ እንዴት አድርጌ ነው የምቀብረው?" አሉ።

አስቴር ወደ ጓሮ ወስዳኝ "ዳዊት፣ ዛሬውኑ አጥፋው" አለችኝ። እሺ አልኩ። አርባ ምንጭ ስገባ የእናቷን ቁጥር ብቻ አወጣሁና "አጥፍቼዋለሁ" ብዬ ደወልኩላት። ሐሙስ ገንዘብ ሊሰጡን ያሰቡ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከወደዱት ሥራችን ዞኑን ሁሉ ያዳርሳል። ድምፅ ከሌለ ምኑን ላሳያቸው?

ማክሰኞ

ምክንያት ስደረድር ዋልኩ። ሌላ ሰው ለመቅዳት ጊዜ የለም። የእኔ ጋሞኛ ሕፃን ያስቃል። ገበሬው ተራው ካለፈው ሙዙ ይደርቅበታል። ይቺን የመጨረሻዋን ወደድኳት፤ ደግ ሰው ታስመስለኛለች።

ከሰዓት አስቴር ጻፈችልኝ፦ "ስላጠፋኸው እግዜር ይስጥልኝ። እማዬ ዛሬ ትንሽ እህል ቀመሰች።" ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ማጥፋቱን ግን አላጠፋሁትም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ

ሣልስት። ገረሴ ወጣሁ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ከላንቴ አንድ ዘመዳቸው መጣ። አልቅሶ ሲያበቃ "ዛሬም ደወሉልኝ እኮ! ተራህ ነገ ነው አሉኝ" አለ። ሰውየው ክፋት የለውም፤ እንደ ተአምር ነው የነገረን። እናትየው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ውጭ ጠብቄያት "ለእንግዶቹ ብዬ ነው፣ እስከ ሐሙስ ብቻ..." ስላት "ሂድ" አለችኝ። ወረድኩ፤ ቢሮ ገብቼ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት።

ሐሙስ

እንግዶቹ መጡ። "ድምፁስ?" አሉ። ባለድምፁ አርፈዋል፣ ቤተሰቡም አልፈቀደም አልኳቸው። "እንደውልልሃለን" ብለው ሄዱ። እንደማይደውሉ አውቃለሁ።

ገበሬዎቹ ግን ከጠዋት ጀምሮ ይደውላሉ። "አቶ ኦይቻ ዛሬ ምነው ቀሩ?" ይላሉ። በዚያ አስቂኝ ጋሞኛዬ መጀመሪያ ተራቸውን ነገርኳቸው፤ ከዚያ የአቶ ኦይቻን መሞት። ይደነግጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ዞረው እኔኑ ያጽናናሉ። የአቶ ኦይቻ ልጅ መስዬያቸዋለሁ። አይደለሁም ማለት አቃተኝ።

ዓርብ

አስቴር ደወለች። የላንቴ ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ለቅሶ ደርሷል። ከኋላዋ ጩኸቱ ይሰማል።

"ማን ነገራቸው?"

"እኔ።"

"ለሁሉም?"

"ለሁሉም።"

ከዚያ "ለእነሱ እውነቱን መንገር አላቃተህም። ለእኔ ግን..." ብላ ተወችው።

"ይቅር በይኝ" አልኳት። እስከ ዛሬ ይህችን አላልኳትም ነበር፤ ጉድ እኮ ነው! ስልኩን አልዘጋችብኝም። ለቅሷቸውን እየሰማሁ ብዙ ቆየሁ።