የበረንዳው ግድግዳ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

የገና ኮከቦቹ ዛሬም አልወረዱም። በዓሉ ካለፈ ስንት ጊዜው! የጋሼ ኩሩቪላ ቀይ፣ የኢያፔን ነጭ፣ ሁለቱም የመኪና ጎማ ያክላሉ። ቀድሞ ያወረደ ተሸነፈ ማለት ነው። ሁለቱ ወንድሞቼ፣ ሁለቱም አያት የሆኑ፣ በወረቀት ኮከብ... ጤዛው አበስብሷቸው ሊጥ መስለዋል። ማታ ማታ ግን ውስጣቸው ያለው አምፖል ይበራል።

ዛሬም ተላላኪ ሆኜ ዋልኩ። ጋሼ ከግድግዳው ወዲያ ጠራኝ። "ሶሲ! ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ የኮኮናቱ ዛፍ ወደ ጣሪያዬ አዘንብሏል።" ኢያፔን አጠገቤ ጋዜጣ ያነባል። እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። ግን እስክደግምለት ጠበቀ! "እትዬ፣ ለሰውየው ንገሪልኝ፣ የተከለው አባታችን ነው። ቅሬታ ካለው መቃብሩ ሄዶ ያመልክት።" ይህንንም ጋሼ ሰማ። ደገምኩለት። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ እኮ... ለዚህ ነው የተማርኩት?

ግድግዳው የመጣው አባታችን በሞተ ዓመት ነው። በእኛ ደንብ የአባት ቤት የመጨረሻው ወንድ ልጅ ነው፤ ኢያፔን ደንቡን ይዞ ቀረ። ጋሼ ደግሞ ኩዌት ለፍቼ ጣሪያውን ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ አልወጣም አለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ቤቱን ለሁለት ከፈሉ፣ በረንዳው መሃል ግድግዳ ይቁም ብለው ሄዱ። ጎሽ፣ ሽማግሌ!

እማማና እኔ ከኢያፔን ጋር ስንሆን የእማማ ወንበር ግን በጋሼ በኩል ቀረ። የምሥራቁ ጫፍ፣ የማለዳ ፀሐይ የሚገባበት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከአባታችን ጎን የተቀመጠችበት። በውጭ ዞራ እንዳትሄድ ጉልበቷ ደረጃውን አይችልም። ለምኜ ነበር። ጋሼ፣ "ከፈለገች መጥታ ትቀመጥ።" ኢያፔን፣ "ተሸክሜ ወስጄ ለእሱ ላስረክባት? ሰው ምን ይለኛል?" የኢያፔንን ደጃፍ አልረግጥም ብሎ ጋሼ የማለውን መሐላ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል።

እናም ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጣ ትውላለች። የበኩር ልጇን ዓይኑን አታየውም፣ ሳሉን ግን ትሰማለች። "ዛሬ ሳሉ ደረቅ ነው፣ ሶሲ" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

የፊልም ሰዎች ቤታችንን ለቀረጻ ፈልገው መጡ። ዳይሬክተሩ ቢቢን ይባላል፣ ጺሙን ያንጨባረረ፣ ሁሉን ነገር "ግሩም!" የሚል። ፊልሙ የቤተሰብ ኮሜዲ ነው አለ። ስለ ምን? ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ቤታቸውን በግድግዳ ለሁለት ይከፍላሉ።

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወጥ ቤት ገባሁ። እማማ ግን አልሳቀችም። "መጀመሪያ ላይ ግድግዳ የለም ማለት ነዋ?" ብላ ጠየቀችው።

"የለም፣ እማማ። ለዚያ ቀረጻ ይሄንን ማፍረስ አለብን። ከዚያ የኛን የውሸት ግድግዳ እናቆማለን። ስንጨርስ የእናንተን መልሰን እንገነባለን።"

"ጥሩ" አለች።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ሁለቱም እሺ አሉ! ለምን እንደሆነ ገባኝ። ቢቢን ለየብቻ አነጋገራቸው። ለጋሼ፣ "በፊልሙ በብዛት የሚታየው የእርስዎ በኩል ነው።" ለኢያፔን፣ "በብዛት የሚታየው የእርስዎ በኩል ነው።" ለአባታቸው ነፍስ ሲባል ያላደረጉትን ለካሜራ አደረጉት። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው አስማሉት፤ ግድግዳው ቀድሞ በነበረበት፣ አንድ ጣት ሳይዛነፍ ይመለሳል።

ዛሬ ፈረሰ። ኮከቦቹንም ሠራተኞቹ ነቅለው ከፍርስራሹ ጋር ጣሏቸው። ማንም አልተሸነፈም።

አመሻሽ ላይ አቧራው ሲረግፍ እማማ ዱላዋን ይዛ ተነሳች። ልደግፋት ብል እጄን ገፋችው። ቀስ... ቀስ እያለች እስከ ምሥራቁ ጫፍ ሄደች። ጋሼ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ብድግ አለ። ወንበሯን በሽርጡ ጫፍ ጠረገው። ተቀመጠች። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከዚያ የኔ ጀግና ምን አለ? "ሶሲ፣ ለእማማ ንገሪያት፣ ብርድ እንዳይመታት።" እናቱ ፊቱ ተቀምጣ! ልማድ ነው፤ ምላሱ ዝጓል።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24

ግድግዳው የነበረበት ቦታ ቀዩ ሊሾ ላይ የሲሚንቶ ጠባሳ ቀርቷል። ካሜራው ስላልወደደው ቢቢን ምንጣፍ ሊያለብሰው አሰበ።

እማማ ተቆጣች። "ምንጣፍ? በአባታቸው ጊዜ እዚህ ሊሾ ላይ ፊትህን ታይበት ነበር። ከሠራችሁ አይቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ አድሱት።"

"ግሩም!" አለ ቢቢን።

ሲያድሱት ዋሉ። ወንድሞቼ? አንዱ ሊሾው በእሱ በኩል ይበልጥ እንዲያብረቀርቅ፣ ሌላውም እንዲሁ ሠራተኞቹን ሲነዘንዙ ዋሉ። ሌላ የታያቸው ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

የውሸቱ ግድግዳ ኮምፖርሳቶ ነው፣ ቀለም የተቀባ። ለካሜራው እንዲመች ጠዋት ወደዚህ ይገፉታል፣ ከሰዓት ወደዚያ። ሁለት ሰው ያነሳዋል። እውነተኛውን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የሚነቀንቀው ሰው ጠፋ።

ዛሬ የፊልሙ ታላቅ ወንድም በንዴት የወንድሙን ዶሮ ሲያሳድድ ጭቃ ላይ የሚወድቅበት ቀረጻ ነበር። ኢያፔን በሳቅ ሞተ። "እትዬ፣ ያ ገገማ ቁርጥ ሰውየውን!" ከዚያ ታናሽየው ከወንድሙ የበለጠ ትልቅ ማራገቢያ ሲሰቅል ጣሪያው አብሮት ወረደ። የጋሼ ተራ ሆነ። "ሶሲ፣ አየሽው ያንን ቀናተኛ? ቁርጥ እሱን!" መስታወት ብታቆምላቸው የጎረቤት ሰው ነው የሚሉ ናቸው።

ተዋናዮቹ ግን ቀረጻው ሲቆም አንድ የሙዝ ቅጠል ላይ ካሳቫና ዓሣ ይዘው አብረው በሉ። ወንድሞቼ ከየበኩላቸው አዩአቸው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

እማማ ዛሬም ፀሐይዋ ላይ። ፊቷ ሞልቷል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

የፊልሙን መጨረሻ ቀረጹ። ወንድማማቾቹ ግድግዳውን በእግራቸው ደርምሰው ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ኧረ ተዉን! ማን ነው እንዲህ የሚታረቅ? እኔ በሆስፒታል ዕድሜዬ ወንድማማቾች በአባታቸው አስከሬን ራስጌ ስለ በሬ ሲጨቃጨቁ ነው ያየሁት።

ዞር ስል... ጋሼ በሽርጡ ዓይኑን ይጠርጋል። ኢያፔን ንፍጡን ይስባል። ልቤ ዘለለ፣ እውነቱን ለመናገር። አሁን ይነጋገራሉ አልኩ።

ማታ እራት ላይ ኢያፔን፣ "እትዬ፣ ለሰውየው ንገሪው፣ ሰኞ ግንበኛ ይመጣል። ጡቡን በእኔ በር እንዳያስገቡ።"

ትፍ!

እማማ ሳህኗን ገፋች። "የሚመጣውን የዝናብ ወራት ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ አላሳልፍም። ከዚያ በፊት እሞታለሁ" አለች። ስታስፈራራ አይደለም። የአየር ሁኔታ እንደምትነግረን ነው የተናገረችው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16

ግንበኛው መጣ። ክሩን አወጣ፣ ወለሉን አየ፣ ራሱን አከከ።

"የት ነበር የነበረው?"

ጋሼ ወደ ኢያፔን በኩል ጠቆመ። ኢያፔን ወደ ጋሼ በኩል ጠቆመ። በሁለቱ ጣቶች መሃል አንድ ስንዝር ይሆናል። ሊሾው ይብረቀረቃል፣ ጠባሳ የለም፣ ምንም የለም። ከፊልሙ ሠራተኞች አንዱን ጠየቁ። እሱ የሚያስታውሰው የውሸቱን ነው፣ እሱም በየቀኑ ይዞር ነበር።

"እሱ የሚለው ቦታ ላይ አንድ ጡብ ቢቀመጥ ሬሳዬን ተራምዶ ነው" አለ ጋሼ። ኢያፔንም ይህንኑ። ግንበኛው ክሩን ጠቀለለ። "ስትስማሙ ጥሩኝ።"

እማማን አየኋት። ወንበሯ ላይ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ አድሱት... ያቺ አሮጊት!

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

እንደፈራሁት መጡብኝ። መጀመሪያ ጋሼ፣ "ሶሲ፣ አንቺ ውሸት አታውቂም። የት ነበር?" ቀጥሎ ኢያፔን፣ "እትዬ፣ በማርያም፣ አንቺ ያልሽው ይጽና። እሱም ይቀበላል።"

አውቃለሁ እኮ። ከእማማ መስኮት ጠርዝ አንድ ጡብ አልፎ። በየማለዳው ስጠርግ መጥረጊያዬ እዚያው እየተጋጨ... ዓይኔን ጨፍኜ ላሳያቸው እችላለሁ። ሦስት ዓመት የአንዱን ቃል ለሌላው ሳልጨምር ሳልቀንስ ያደረስኩ ሴት ነኝ።

"አላስታውስም" አልኩ።

ጋሼ አፍጥጦ አየኝ። "እንዴት አታስታውሺም?"

"አርጅቻለሁ።"

ሰኞ፣ ማርች 9

ግድግዳ የለም። ሁለቱም በየማለዳው በረንዳው ላይ ወንበር ይዘው ይወጣሉ፤ አንዱ ለዚህ ጫፍ፣ አንዱ ለዚያ። ሌላው ተደብቆ ጡብ እንዳያስቀምጥ ድንበር ጥበቃ ነው አሉ። ጀግኖች! ቁርሳቸውንም እዚያው ይበላሉ። ጾም ነውና ሙዝና የሩዝ ቂጣ አቀርባለሁ፣ በአንድ ሳህን፤ ሁለት ሳህን ተሸክሜ የምመላለስ አገልጋይ አይደለሁም ብያቸዋለሁ።

ለመልእክት ማንም ከጠራኝ ሰነበተ። ፊት ለፊት ይጯጯሃሉ። "አንተ ውሸታም!" "አንተ ስግብግብ!" አንተ... ከስንት ጊዜ በኋላ! ዛሬ ጋሼ በጩኸቱ መሃል ሳል ያዘው። ኢያፔን ስድቡን ሳያቋርጥ ውኃ አቀበለው፤ ጋሼም ጠጥቶ ጨረሰና ስድቡን ከቆመበት ቀጠለ።

ከዚያ ደከማቸው። ጋሼ ጋዜጣውን አነሳ፣ ኢያፔን ተነስቶ ወደ ቤት ሊገባ ነጠላ ጫማውን በእግሩ ፈለገ።

እማማ ከፀሐይዋ ላይ ቀና አለች።

"እኔ የምለው... ግድግዳው የት ነበር ያላችሁት?"