ከከፈን በፊት ኪኒን

አዳማ፣ ጥቅምት ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ውድ ኃይለየሱስ፣

አካም ጂርታ? እኔ ደኅና ነኝ። ተናድጄም፣ ደስ ብሎኝም፣ ጣቶቼ ቀለም በቀለም ሆነውም ነው የምጽፍልህ። ፊደሉ ቢጣመም በራስህ ፍረድ፤ ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። በቁስል ማጠቢያው ሳህን ጀርባ ላይ በከሰል እየጻፍክ ሀ ሁ ስታስብለኝ፣ አንድ ቀን በዚሁ ፊደል እሟገትሃለሁ ብዬ መች አስቤ!

መልእክትህ ደርሶኛል። የባቡር ሠራተኛው ኑሬ ከባቡሩ እንደወረደ፣ ፊቱን ጥቀርሻ እንደሸፈነው፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ለፈለፈው። «ኃይለየሱስ ከድሬዳዋ እንዲህ ብሏል፤ የማኅበሩ ዳኛ መርዳሳ ይሁን፣ የፈረንጅ አፍ ያውቃል። ዲንቄ ነገር እንዳታበላሽ ምከሯት።» ምከሯት! ኧረ አንተ ሰው፣ ምን አደረግሁህ? ፋሻ አጣቢዎቹ እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁብኝ።

እስቲ ላስታውስህ። ቁስል አጣቢው፣ ፈንጣጣ ከታቢው፣ ወጌሻው፣ አዋላጇ እኔ፣ ሁላችንም በአንድ እንቁም ያልነው ሽኩር የሞተ ሰሞን ነው። አብሮህ ሲከትብ የኖረው ሽኩር መተሐራ ቆላ ለክተባ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ ባቡሩ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነው አዳማ የደረሰው። ኪኒኑ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ነበር። ለማን እንደተቀመጠ የጠየቀ የለም፣ እኛም አልጠየቅንም። ከቀብሩ መልስ ከጣቢያው ጀርባ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠን፣ «ሁለተኛ እንዲህ አንሞትም» ያልከው አንተ ነህ። እኔም አዎ አልኩ፣ ሚስቱ ዙህራም አዎ አለች። ከዚያ ድሬዳዋ ሥራ አገኘህና ሄድክ። በመሄድህ አልወቅስህም፣ እንጀራ ነው። ሄደህ ሳለ ከዚያ ሆነህ ሹም ስትሾምልን ግን አልወደድኩትም።

አሁን የሆነውን ልንገርህ፤ ኑሬ አጣሞ ሳይነግርህ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግራሩ ሥር ተሰበሰብን። ወንዶቹ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ እኛ ከኋላ ቆምን። መርዳሳ ያንን የአስተርጓሚነት ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ንግግር ጀመረ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። የሚያስቸግረው ነገር ሁሉን «ቀስ ብለን» ማለቱ ነው። «መጀመሪያ ድንኳንና ከፈን እናዘጋጅ፤ ከእኛ ሰው ሲሞት በክብር ይቀበር። የኪኒኑን ነገር ደግሞ ቀስ ብዬ፣ ጊዜ አይቼ ለፈረንጁ ሐኪም አነሣለታለሁ» አለ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መልካም ብሏል ተባለ።

ዙህራ ከኋላ ወጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«የሽኩርን ከፈን አልረሳሁትም» አለች። «ነጭ ነበር፣ ያማረ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ ይልቅ አንዲት ፍሬ ኪኒን ብትሰጡት ምን ነበረበት?»

እኔም ቀጠልኩ። ቆላ ውስጥ ፈንጣጣ ዳግም መግባቱን፣ የከተማው ሹም ከታቢዎች ይውረዱ ብሎ ማዘዙን፣ የቆላ ሴቶች ክንዳቸውን ለወንድ ከታቢ ስለማይገልጡ ዘንድሮ እኔና ዙህራም ከወንዶቹ ጋር እንደምንወርድ ነገርኳቸው። «መቅበሩንማ እናውቅበታለን» አልኩ፤ «መትረፉን ነው ያልተማርነው። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ኪኒን ሳይያዝ ቆላ የሚወርድ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ይህን የሚል ዳኛ እንምረጥ።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው ወጌሻ ኦቦ ሰንበታ ተነሡ። የአዳማን ሰው አጥንት ሁሉ የጠገኑ ሰው፣ የእኔን ልብ ሰበሩት። «የባለትዳሯ ድምፅ በባሏ በኩል ይሰማል፤ ባል የሌላት ደግሞ ተቀምጣ ትስማ» አሉ። አየህ፣ እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ዙህራ ባሏን ለዚሁ ሥራ የሰጠች፣ ሰሚዎች ሆንን ማለት ነው! መርዳሳ ዳኛ ነው ተባለ። ተጨበጨበ።

ወይ ጉድ አልኩ፣ ትቻቸው ወጣሁ። አዋላጆቹና ፋሻ አጣቢዎቹ በሙሉ ተከተሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሲንቄዬን ይዤ ወጣሁ። ስለ ሲንቄ ስነግርህ «እንጨት አይደለም እንዴ?» እያልክ ትስቅ ነበር፤ እናንተ ቡልጌዎች ምን ታውቃላችሁ! እናቴ በሠርጌ ቀን በእጄ ያኖረችልኝ ቀጭን በትር ነው። ሴት ተበድላ ሲንቄዋን ይዛ ከተቀመጠች፣ ወንድ ልጅ ያንን አልፎ አይሄድም፤ ያለፈ ይረገማል። የአርሲ ኦሮሞም ይሁን የጅሌ፣ ይህን የማያውቅ የለም። ሴቶቹም የየራሳቸውን ይዘው መጡ፤ ሐኪም ቤቱ በር ፊት ለፊት መንገዱን ዘግተን ተቀመጥን። በሽተኛ ሲመጣ በትራችንን እያነሣን አሳለፍን፤ ከበሽተኛ ምን ጠብ አለን? ሠራተኛ ወንድ ሲመጣ ግን በትሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ዙህራ የወሎ ልጅ ናት፣ ሲንቄ የላትም። ዳር ቆማ ብትቀር አንጀቴ አልቻለም፤ የእኔን ጫፍ ያዥ አልኳት። ከመካከላችን ትልቋ፣ የመርዳሳ እናት፣ ቱግ አሉ። ግማሽ አዳማን ያዋለዱ ሴት ናቸው፣ ሥርዓቱን ከሳቸው የሚያውቅ የለም። «ይሄ ከየት የመጣ ወግ ነው? ሲንቄ በሁለት ሴት ተይዞ ያውቃል?» አሉኝ።

«እናቴ፣ በድሏ ከሁላችንም ይበልጣል» አልኳቸው። «እሷን ዳር አቁመን እኛ ብንቀመጥ ትናንት ወንዶቹ ካደረጉን በምን ይሻላል?»

ዙህራን ትክ ብለው አዩዋት። «ያዥው ልጄ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዥው» አሉና ከጎናቸው አስቀመጧት።

ብዙም ሳይቆይ መርዳሳ መጣ። ቆቡን ደፍቶ፣ ጫማውን ወልውሎ። መጀመሪያ እኔን አየና ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ እናቱን ሲያይ ፈገግታው ደረቀ። አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ስንት ዓመት ፈረንጅ ጋር ቢሠራም የእናቱን ሲንቄ ሊሻገር ነው እንዴ! «እማዬ፣ እባክሽ፣ ሐኪሙ እየጠበቀኝ ነው» አላቸው። እናቱ መሬት መሬቱን አዩ።

ሐኪሙ በመስኮት ጠራው። ዳግም ጠራው፤ መርዳሳ ከቆመበት አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ራሱ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመና ምንድን ነው አለ፤ ያለ መርዳሳ አንድ ነገር አይገባው!

«በል ተርጉም» አልኩት መርዳሳን። «ክተባውን አልጠላንም፣ የጠላነው መሞቱን ነው። ኪኒኑ ሳይሳፈሩ በፊት በእያንዳንዱ ከታቢ እጅ ይግባ። ካልሆነ አንድም ሰው ቆላ አይወርድም። ሽኩር እዚሁ ግቢ ውስጥ ሲሞት ኪኒኑ ተቆልፎበት ነበር። ይህንንም ንገረው።»

«ዲንቄ፣ ትንሽ ላለዝበው?» አለኝ በኦሮምኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንዲት ቃል ብታለዝብ እናትህ እዚህ አሉ።»

ተረጎመ። መጀመሪያ እየተንተባተበ፣ ከዚያ ድምፁ እየጠነከረ ሄደ። የፈረንጁን አፍ ባላውቅም የሽኩርን ስም ሲጠራ ሰማሁት። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ፤ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስመጣ። የሚወርዱት ሁሉ በእጃቸው ይቀበሉ፣ ሲመለሱም ይጨመርላቸው አለ። እሰይ! ዙህራ በትሩን እንደያዘች አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ብትስቅብኝ ሳቅ።

ከዚያ ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀ። መርዳሳ ወደ እኛ ዞሮ፣ «አለቃችሁ ማን ነው ይላል» አለን። ትናንት የተጨበጨበለት እሱ ነው እንግዲህ። ኦቦ ሰንበታ ከሰው መሃል ወጥተው፣ ከቦዩ ዳር የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭተው ይዘው መጡና ከፊታችን ቆሙ፤ «ትናንት አጥፍተናል ልጆቼ፣ ይቅር በሉን» አሉ። መርዳሳም ቆቡን አወለቀና በቆቡ ወደ እኔ አመለከተ። ለሐኪሙ ምን እንዳለው መተርጎም አላስፈለገም።

ሁሉ ሰው እልል አለ ብዬ አልዋሽህም። ሦስት ወንዶች ከሴት ዳኛ ሥር አንቀመጥም ብለው ከማኅበሩ ወጡ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው። ሹሙም አስጠራኝ። «ሥራ የምታስፈቺ አንቺ ነሽ? ከሐኪም ቤቱ አስወጣሻለሁ» አለኝ። «ቢያስወጡኝም ልጅ የእርስዎን ፈቃድ ጠይቆ አይወለድም፤ ማዋለዴን አልተው» አልኩት። የገዛ ምራቱ ወሯ ገብቷል፣ የምታዋልዳት እኔ ነኝ። ጉሮሮውን ጠረገና ሂጂ አለኝ።

መርዳሳን የማኅበሩ ጸሐፊ አድርገነዋል፤ ይገባዋል። ማንኛዋም ሴት በገዛ አፏ ድምፅ እንድትሰጥ ተወስኗል። ከፈኑም ይገዛል፣ ሞት መቼም አይቀርም፤ ግን ተራውን ይጠብቅ። ይኸው ነው ያበላሸሁት ነገር።

አሁን ደግሞ ኑሬ ጮክ ብሎ ያልተናገረው ቀረ። ሰው ከተበተነ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ቤት ይዟል፣ መጥታ ታግባኝ ብሏል» አለኝ። ልቤ ዘለለ፣ ምን እደብቅሃለሁ! እወድሃለሁ፤ ይህንን በአፌ ነግሬህ አላውቅም፣ በጽሑፍ ይኸው። ነገር ግን በአንድ መልእክተኛ አፍ «ምከሯት» እና «ታግባኝ» ብሎ መላክ ምን ማለት ነው? የትኛዋን ነው የምታገባው? ተመክራ ዝም ያለችውን ከሆነ፣ እሷ አዳማ ውስጥ የለችም። እኔን ከሆነ ደግሞ የቤቴን በር ታውቀዋለህ፤ ራስህ መጥተህ፣ በራስህ አፍ ጠይቀኝ።

ሐሙስ ከከታቢዎቹ ጋር በባቡሩ እሳፈራለሁ። ዳኛ ከኋላ አይቀርም። ዙህራ ከጎኔ ናት፤ ኪኒኔ በመቀነቴ ጫፍ ተቋጥሯል። ባቡሩ ድሬዳዋ ድረስ ይሄዳል።

እኔ መተሐራ እወርዳለሁ።

ዲንቄ
የአዳማ አዋላጆች፣ ከታቢዎችና ወጌሾች ማኅበር ዳኛ