ሆሳዕና ተሰቅሎ በብራዚል ሰዓት ለሚቀርጸው ካሜራችሁ

ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
(የጽሕፈት ቤቱን ስም ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ)
ሆሳዕና

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ በጠራራ ፀሐይ ስለፈጸመችው የሌሊት ጥፋት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎ በሚያምኑበት በየትኛውም ሰዓት ቢደርስዎ፣ በሙሉ ጤንነትና በማይናወጥ መንበር ላይ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሆሴዕ የምባል የፍራሽ ነጋዴ ስሆን፣ በጽሕፈት ቤትዎ በጽዳት ሥራ ለዓመታት አገልግላ፣ ባለፈው ወር “ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጥቅል ይዛ ስትወጣ በካሜራ ታይታለች” ተብላ የታገደችው የወይዘሮ ሐዳሳ ባል ነኝ። በተባለው ሰዓት ቀዝቃዛ እግሯን እኔ ላይ ጭና ተኝታ እንደነበር ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ባስረዳም፣ የሚስት እግር ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል በጨዋ ቃል ስለተነገረኝ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬንም እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ጥቅሉን በተመለከተ፦ የጽሕፈት ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ነበር። ይታጠብ ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት፤ እርሷም አጥባ፣ ተኩሳ፣ መልሳ ሰቅላዋለች። ኮሚቴው ቅጂውን ሲመለከት የውጭው ብርሃን ስክሪኑን አላሳይ ስላለው፣ ያንኑ መጋረጃ ዘግቶ ጥፋተኛ ብሏታል።

2. ፀሐይዋን በተመለከተ፦ በዚሁ የሌሊት ቅጂ ላይ የሐዳሳ ጥላ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ዘበኛው አቶ ጠና ከሙቀት ሸሽተው ወንበራቸውን ወደ ዛፉ ሥር ሲጎትቱ፣ ከአጥር ውጭም ተማሪዎች ደብተር ይዘው ሲያልፉ ይታያል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ብጠይቅ፣ ካሜራው ዘመናዊ በመሆኑ በጨለማም ጥርት አድርጎ እንደሚያይ ተብራራልኝ። ስለ ተማሪዎቹ ግን ማብራሪያ አልተሰጠኝም፤ የማታ ተማሪዎች ይሆናሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

3. ሰዓቱን በተመለከተ፦ መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነው። እርስዎ ግን ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን ብለው ስላዘዙ፣ ካሜራውን የገጠመው ወጣት ሚክያስ ከመሣሪያው የከተሞች ዝርዝር ውስጥ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጥር ፈልጎ ብራዚል ውስጥ አገኘ። መሣሪያውም ብራዚል ያለ እየመሰለው፣ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን 3 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። ሚክያስን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል፣ ለጠየቀውም ሁሉ ይህንኑ ይናገራል። ኮሚቴው ግን ማሽን መቼም በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው ብሎ፣ አንዴ የተለወጠውን ሰዓት እንደገና ለወጠውና የጠዋቱን 3 ከሌሊቱ 9 አደረገው። የተፈጨ እህል መልሶ እንደማስፈጨት ነው፤ ልዩነቱ ወፍጮ ቤት የሚባክነው ዱቄት ሲሆን እናንተ ዘንድ የባከነው የሰው ስም መሆኑ ነው።

4. ስሟን በተመለከተ፦ ሐዳሳ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር የምትቆም ሴት ነበረች። አሁን “ጉዳይሽ እስኪጣራ” ተብላ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፤ መዝሙሩ ሲጀመር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አታወጣም። ይህን ሳይ ያመኛል፤ እዚህ ላይ የምቀልድበት ነገር አላገኘሁም። ወሬው አንጋጫ ሲደርስ እናቷ ወይዘሮ ማራኪ ተሳፍረው መጡ። ልጃቸው በሌሊት ትወጣ እንደሆነ ለማረጋገጥ ከሱቄ ምርጡን ፍራሽ መርጠው በራችን ሥር አንጥፈው ሳምንቱን ሙሉ አደሩ። እርሷ አልወጣችም፤ እኔ ግን ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ አማቴን አስፈቅድ ነበር።

ስለሆነም ሐዳሳ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ የእገዳዋ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይም በሌሊት እንዳልወጣች በዚያው መጠን ባለ ፊደል ተጽፎ እንዲለጠፍላት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እናንተ ዘንድ ንጋት መቼ እንደሆነ እስኪወሰን በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ከእግርዎ በታች ሆኖ፣ ለእንቅልፍዎ ጥልቀት ዘወትር አድናቆት ያለው፣
ትሑት አገልጋይዎ ሆሴዕ
የፍራሽ ነጋዴ

ግልባጭ፦ ለስብሰባ አዳራሹ መጋረጃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው “ለመከላከያችሁ” ብሎ በፍላሽ የሰጠን ቅጂ የሙሉ ሳምንት ስለነበር፣ ሳልፈልግ እርስዎንም አየሁ። በኮሚቴው አቆጣጠር ከሄድን፣ በየዕለቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገብተው ንጋት 12 ሰዓት ይወጣሉ፣ በሥራ ሰዓት አንድም ቀን ቢሮ አልታዩም። በትክክለኛው አቆጣጠር ከሄድን ደግሞ ረፋድ 4 ሰዓት ይገቡና ቀን 6 ሰዓት ለምሳ እንደወጡ በዚያው ይቀራሉ። የትኛው እንደሚሻልዎ እርስዎ ይምረጡ፤ ለባለቤቴ የሚያስፈልጋት ሁለተኛው ነው።