ዐሥራ ሁለተኛው ትምህርት፦ የአቶ ጸሐዬ ጉዲና የሕይወት ታሪክ

አቶ ጸሐዬ ከአባታቸው ከአቶ ጉዲና ቶላ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተሥላሴ ደስታ በ1949 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድሬዳዋ ተወለዱ። እዚያው በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1988 ከወ/ሮ አዳነች ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ትግስትንና ደጀንን ወለዱ።

በ1998 ቤተሰባቸውን ይዘው ጅቡቲ ገቡ፤ እስከ ጡረታቸውም በወደቡ የትራንዚት ሠራተኛ ነበሩ። ካርቲየ 1 በሚባለው የከተማው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ወደ የመን ለመሻገር የሚጠባበቁ ወጣቶችን ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ጀመሩ። ጀልባ ከተገኘ ተማሪ በማግስቱ የለም፤ ስለዚህ የዓመቱን ትምህርት ወደ ዐሥራ ሁለት የጠዋት ትምህርቶች አሳጠሩት። መጽሐፍ ቅዱስ ሰጥቶ መሸኘት ይቀል ነበር፤ ብዙዎች የጠየቁትም ይህንኑ ነው። እሳቸው ግን መጽሐፉን ያለ ትውፊት፣ ትውፊቱንም ያለ መጽሐፍ መስጠትን አደራን ከፍሎ እንደ ማስቀረት ይቆጥሩት ነበር። ቆመው ያስተምሩ ነበር። የሚያዘግመውን ተማሪ «ልጄ፣ ጀልባው ለአንተ አይቆምም» ይሉታል።

በ2008 ሻሼ የምትባል ተማሪያቸው ዐሥራ አንዱን ተምራ፣ የመጨረሻውን ሳትሰማ ተሻገረች። ይህ ዕረፍት ነሣቸው። ለሰባት ዓመት ከየመን የመጣ ሰው ሁሉ ስለ እርሷ ተጠየቀ። በ2015 የየመኑ ጦርነት ስደተኛውን ሲመልስ፣ ሕመማቸውን ችላ ብለው በየቀኑ ወደብ ይወርዱ ነበር። በግንቦት አገኟት። መጽሐፏ ባሕር ላይ ጠፍቶባታል፤ በቃሏ የያዘችውን ግን በየመኗ ኤደን ከተማ ለአምስት ሰዎች አስተምራለች። አቶ ጸሐዬ የምዝገባ ሰልፍ ላይ እንደቆመች ዐሥራ ሁለተኛውን ጀመሩላት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ውሃ ልጠጣ እንጂ!»

«ጠጪ፤ እየጠጣሽ ስሚ።»

ትምህርቱ አጭር ነው። እግዚአብሔር ራሱን በክርስቶስ ገለጠ፤ ሐዋርያት የተቀበሉትን በቃልም በጽሑፍም አስተላለፉ፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም የቃሉ አገልጋይ እንጂ ባለቤት አይደለችም። ልጃቸው ትግስት፣ ሻሼ ይህንኑ ስትሠራው ኖራለችና መቸኮሉ ለምን እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ «ሠርታዋለች፤ ግን ገና አልተቀበለችውም» አሏት።

አቶ ጸሐዬ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ምሥጢረ ቀንዲልን ተቀብለው ኅዳር 9 ቀን 2017 በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና የት እንዳሉ የማናውቃቸው ብዙ ተማሪዎች አሏቸው። ትምህርቱ ሰኞ ጠዋት እዚያው ቤት ይቀጥላል፤ የምታስተምረው ሻሼ ናት፤ ዘጠኝ ሰዎች ተመዝግበዋል።

መጠበቅ የማይሆንላቸውን አቶ ጸሐዬን፣ እግዚአብሔር ሳያስጠብቅ ወደ ዕረፍቱ ያስገባልን።